የደረቅ ቆሻሻ ዕቅድና ሪፖርት፦ ለማን ይታቀዳል? ለማንስ ይነገራል?

ገዢው ፓርቲ በምርጫ ሰሞን ስለ መንገድ፣ ስለ ፎቅና ስለ መናፈሻ ይነግራችኋል። እኛ በዚህ የማኒፌስቶአችን ክፍል ስለ ቆሻሻ ገንዳ እንነግራችኋለን። ይህን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የአንድ መንግሥት እውነተኛ ባሕርይ ሪባን ከሚቆረጥበት ቦታ ይልቅ ማንም ሊያየው በማይፈልገው ቦታ ይገለጣል። በተጨማሪም ቆሻሻ ሁሉንም ዜጋ እኩል አይነካም። አንዱ ከደጁ እንዲነሳለት ይከፍላል፤ ሌላው ደግሞ የተነሳው ሁሉ መጥቶ ከደጁ ይራገፍበታል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ፓርቲያችን ያለው አቋም ግልጽ ነው። ነዋሪው ያላየው ዕቅድ ዕቅድ አይደለም። ነዋሪው ሊያጣራው የማይችል ሪፖርትም ሪፖርት አይደለም። ክልሎችና ከተሞች የሚመሩት እንዲህ ባለ ዕቅድና ሪፖርት ከሆነ ውጤቱ የወረቀት ብክነት ብቻ ሆኖ አይቀርም። የሰው ሕይወት ይጠፋል። ጠፍቶም አይተናል።

1. ሕጉ ምን ጠይቆ ነበር?

አገራችን ሕግ አጥታ አታውቅም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡን በቀጥታ የሚመለከቱ የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ሲታቀዱና ሲፈጸሙ ሕዝቡ ሊመክርባቸውና ሐሳቡን ሊገልጽባቸው እንደሚገባ ይናገራል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የከተማ አስተዳደሮች ቆሻሻን የመሰብሰብ፣ የማጓጓዝና ጉዳት በማያስከትል መንገድ የማስወገድ ኃላፊነት እንዳለባቸው ደንግጓል።

ከዚያ በኋላ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ወጣ። ይህ አዋጅ በአንቀጽ 5 ሁለት ነገሮችን አዘዘ። አንደኛ፣ የከተማ አስተዳደሮች የደረቅ ቆሻሻ ዕቅዳቸውን ሲያወጡና ሲፈጽሙ የታችኛው የአስተዳደር እርከንና የአካባቢው ነዋሪ እንዲሳተፉ ማድረግ ነበረባቸው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ክልል ወይም የከተማ አስተዳደር የራሱን የጊዜ ሰሌዳ አውጥቶ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ዕቅዱንና የአፈጻጸም ሪፖርቱን ማዘጋጀት ነበረበት።

ሐሳቡ መልካም ነበር። ቀዳዳው ግን እዚያው ላይ ነው። የጊዜ ሰሌዳውን የሚያወጣው ራሱ ተጠያቂ መሆን ያለበት አካል ነው። ባለዕዳው ዕዳውን የሚከፍልበትን ቀን ራሱ እንዲቆርጥ ተፈቀደለት ማለት ነው።

እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ። ያ አዋጅ ከወጣበት ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ የክልላችሁን ወይም የከተማችሁን የደረቅ ቆሻሻ ዕቅድ በእጃችሁ ይዛችሁ አንብባችኋል? ወረዳችሁ ረቂቁን አምጥቶ አወያይቷችኋል? በዓመቱ መጨረሻ ይህን አሳክተናል፣ ይህን አላሳካንም፣ ምክንያቱም ይህ ነው የሚል ጽሑፍ ደርሷችኋል? መልሳችሁ «የለም» ከሆነ ዕቅዱ ለእናንተ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ወተቷን አላያችሁም፤ የሚሸታችሁ ግን አለ።

2. ሰንዳፋ፦ ባለቤቶቹ ያልተጠየቁበት ዕቅድ

ቆሼ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ሲቀበል የኖረ ከ30 ሄክታር በላይ የሆነ ክምር ነው። ሲጀመር ከከተማው ዳር ነበር። ከተማው እያደገ ሄዶ ክምሩ በመኖሪያ ሰፈሮች መካከል ቀረ። ሌላ ቦታ እንደሚያስፈልግ ከማንም የተሰወረ አልነበረም። በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ገንዘብ በኦሮሚያ ክልል ሰንዳፋ አካባቢ ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ ተሠራና በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ።

የሰንዳፋ አካባቢ አርሶ አደሮች ሽታው እንዳስመረራቸው፣ ውሃቸው እንደተበከለና ከብቶቻቸው እንደተጎዱ ተናገሩ፤ ተቃውሟቸውንም አሰሙ። በዚያው ዓመት ክረምት ማስወገጃው ሥራ አቆመ። ብዙ ሚሊዮን የወጣበት ግንባታ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ተዘጋ።

ገዢው ፓርቲ በዚያን ጊዜ የአርሶ አደሩን ጥያቄ እንደ ጸጥታ ችግር ነበር የተመለከተው። እኛ ግን እንላለን፦ ጥፋቱ የአርሶ አደሩ አይደለም። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ወደ ኦሮሚያ መሬት የሚሄድ ከሆነ ዕቅዱ የሁለቱም አስተዳደሮችና ከሁሉ በፊት የዚያ መሬት ነዋሪዎች ዕቅድ መሆን ነበረበት። ሕገ መንግሥቱም አዋጁም ይህን ጠይቀዋል። አርሶ አደሩ ከመኪናው በፊት ዕቅዱን ቢያየው፣ ፍሳሹ የት እንደሚሄድ ቢነገረው፣ ውሃው በየወሩ ተመርምሮ ውጤቱ በገበያ ቀን ቢለጠፍለት፣ ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የሚጠይቅበት በር ቢኖረው ነገሩ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችል ነበር። ያልተማከረ ሕዝብ እምቢ ሲል «ልማት አደናቃፊ» ማለት የራስን ጥፋት በሌላው ላይ መለጠፍ ነው።

3. መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.

ሰንዳፋ ሲዘጋ መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። ይሞላል ተብሎ ምትክ የተሠራለት ክምር እንደገና ይከመርበት ጀመር። ወራት አለፉ። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ክምሩ ተንዶ ሥሩ በነበሩት የጭቃና የላስቲክ ቤቶች ላይ ወደቀ። ከ110 በላይ ወገኖቻችን አለቁ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ የሐዘን ቀን አወጀ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆነ። በሰዎቹ መኖሪያ ላይ አደጋ ማንዣበቡ በዓይን የሚታይ ነበር። በወቅቱ የአካባቢው ነዋሪዎች ቆሻሻው ተመልሶ መከመሩን በአደጋው ምክንያትነት ጠቅሰዋል። እኛ የምንጠይቀው ቀላል ጥያቄ ነው። ማስወገጃው ከሰንዳፋ ወደ ቆሼ ሲመለስ ክምሩ ተጨማሪ ጭነት ይሸከም እንደሆነ ተለክቶ የተጻፈ ሪፖርት ነበር? ከነበረ ማን አነበበው? አንብቦስ ምን አደረገ? ካልነበረ ደግሞ ውሳኔው በምን ላይ ተመሥርቶ ተወሰነ? ለሟቾቹ ቤተሰብ ከሐዘን መግለጫ በላይ የሚገባው የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው።

በዚያን ጊዜ ሥልጣን ላይ የነበረው ኢሕአዴግ በ2012 ዓ.ም. ስሙን ለውጦ ብልጽግና ሆኗል። ስም መለወጥ ግን ከተጠያቂነት አያድንም። ዛሬም ድምፅ ሊጠይቃችሁ የሚመጣው ከዚያው ቤት የወጣ ፓርቲ ነው።

4. ፋብሪካው ሲመረቅ የተነገረና ከዚያ በኋላ ያልተነገረ

ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. በቆሼ አጠገብ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ፋብሪካ ተመረቀ። ወጪው ወደ 120 ሚሊዮን የአሜሪካን ዶላር ይደርሳል። በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የተሠራ እንደሆነና የከተማዋን አብዛኛውን ቆሻሻ እንደሚያስወግድ ተነገረ። ከምረቃው በኋላም ቆሼ ቆሻሻ መቀበሉን አላቆመም።

ፓርቲያችን ቴክኖሎጂን አይቃወምም። የምንቃወመው ሪፖርቱ በምረቃው ቀን የሚያልቅ ፕሮጀክትን ነው። ከአገራችን ቤቶች ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሆነው የአትክልት ልጣጭ፣ የምግብ ትርፍራፊና ሌላም የሚበሰብስ ነገር ነው። ይህ እርጥብ ነው፤ እርጥብ ነገር ደግሞ ለእሳት አይመችም። ይህን ለማወቅ የውጭ አማካሪ አያስፈልግም፤ እርጥብ እንጨት ማግዳ የምታውቅ እናት ሁሉ ትነግራችኋለች። ይኸው እርጥብ ቆሻሻ ግን ወደ ብስባሽ ማዳበሪያ ቢለወጥ የማዳበሪያ ዋጋ ላስመረረው አርሶ አደር በጠቀመ ነበር።

ሕዝቡ ሊነገረው የሚገባው ይህ ነበር፦ ፋብሪካው በየወሩ ስንት ቶን ተቀበለ? ስንት ቀን ሠራ? ስንት ቀን ቆመ? ምን ያህል ኃይል ለመስመሩ ሰጠ? አመዱ የት ሄደ? ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ምን እንደሆነ ማን ለካ? እነዚህ የባለሙያ ሚስጥሮች አይደሉም። የባለ ገንዘቡ፣ ማለትም የእናንተ፣ ጥያቄዎች ናቸው።

5. ሪፖርቱ የሚቆጥረውና የማይቆጥረው

የተለመደውን የመንግሥት ሪፖርት ሁላችንም እናውቀዋለን። «የዕቅዱ ይህን ያህል በመቶ ተከናውኗል፤ ይህን ያህል ነዋሪ ግንዛቤ ጨብጧል፤ ይህን ያህል ጊዜ የፅዳት ዘመቻ ተካሂዷል» ይላል። ይህ በመቶኛ ከየት ይመጣል?

በአዲስ አበባ ከቤት ወደ ቤት ቆሻሻ የሚሰበስቡት በማኅበር የተደራጁ ወጣቶችና እናቶች ለረጅም ዓመታት የሚከፈላቸው በሜትር ኩብ ነበር። በሜትር ኩብ ሲለካ ልቅ ሆኖ የተጫነና ተጠቅጥቆ የተጫነ አንድ ዓይነት ነው። በአንጻሩ ከተማው በጠቅላላ ያወጣል የሚባለው ቆሻሻ ተመዝኖ የሚገኝ አይደለም። አንድ ሰው በቀን ወደ 0.4 ኪሎ ግራም ያወጣል የሚለው ግምት ከጥናት ወደ ዕቅድ፣ ከዕቅድ ወደ ዕቅድ ሲገለበጥ ኖሯል፤ ይህ በሕዝብ ብዛት ይባዛል። የሕዝብ ብዛቱም ራሱ ግምት ነው፤ አገራችን የመጨረሻውን የሕዝብ ቆጠራ ያካሄደችው በ1999 ዓ.ም. ነውና። እንግዲህ ግምት ለግምት ተካፍሎ የሚወጣው ቁጥር በምክር ቤት ፊት «አፈጻጸም» ተብሎ ይጨበጨብለታል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ሪፖርቱን የሚያቀርበው ሥራውን የሚሠራው አካል ራሱ መሆኑ ነው። የወረዳው ኃላፊ በግምገማ የሚመሰገነው ወይም የሚነሳው ባቀረበው ቁጥር ነው። የሚሠራውም፣ የሚለካውም፣ የሚያመሰግነውም አንድ ቤት ከሆነ ቁጥሩ ሁልጊዜ ያድጋል፤ ገንዳው ግን ከአስፋልቱ ዳር ሞልቶ ይፈሳል።

ሪፖርቱ የማይቆጥራቸውም አሉ። ከበር በር እየዞረ አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ቆራሌው፣ ጠርሙስና ቆርቆሮ የሚገላበጥበት የመርካቶው ምናለሽ ተራ፣ በክምሩ ላይ ጎንበስ ብለው ፕላስቲክና ብረት የሚለቅሙት ወገኖቻችን ለከተማው የሚያተርፉት ብዙ ነው። እነሱ የለቀሙት እያንዳንዱ ኪሎ መኪና አይፈልግም፤ መሬትም አይፈልግም። ሥራቸው ግን በዕቅድ ውስጥ መስመር፣ በሪፖርት ውስጥ ቁጥር ሊኖረው ሲገባ ዘመቻ በመጣ ቁጥር ይባረራሉ። ቆሼ ሲናድ ከሞቱት መካከልም በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ነበሩ።

6. «የኅብረተሰቡ ግንዛቤ ማነስ» የሚባለው ሰበብ

ባለሥልጣናቱ ሲጠየቁ አንድ መልስ አላቸው፦ «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ የለውም»። እውነት ነው፣ ሌሊት ቆሻሻ ከድልድይ ሥር የሚጥል አለ። ልናሞግሰው አንፈልግም። ነገር ግን የአዲስ አበባ ነዋሪ ለዓመታት ከውሃ ክፍያው ጋር ተጨምሮ የቆሻሻ አገልግሎት ሲከፍል ኖሯል። ውሃው በማይመጣበት ሳምንት እንኳ ክፍያው አይቀርም። ከፍሎ አገልግሎት ያላገኘ ሰው ሊጠየቅ የሚችለው በምን አንደበት ነው?

በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አጽድቋል፤ የፕላስቲክ ከረጢትንም ከልክሏል። ፌስታል ወንዞቻችንንና ከብቶቻችንን እንደጎዳ ስለምናውቅ ክልከላውን በመርህ ደረጃ እንደግፋለን። ነገር ግን ጉልት የምትሸጠው እናት በፌስታል ልትቀጣ ስትችል ዕቅዱን ለሕዝብ ያላቀረበ ኃላፊ የማይቀጣ ከሆነ ሕጉ የሚከብደው ወደ ታች ብቻ ነው። የ1999ኙ አዋጅም ቀጭን ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ገደብ አስቀምጦ ነበር። ውጤቱን በየወንዙ ዳር ተመልከቱት። ሕግ መተካት ቀላል ነው። አስቸጋሪው ራስን ለሕዝብ ቁጥጥር ማስገዛት ነው።

7. ሌሎች ከሐዘናቸው ምን ተማሩ?

በፊሊፒንስ ፓያታስ በተባለ ቦታ የቆሻሻ ክምር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2000 ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። አገሪቱ በዓመቱ መጀመሪያ፣ በጥር 2001፣ የአካባቢ አስተዳደሮች የአሥር ዓመት የደረቅ ቆሻሻ ዕቅድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። በኢንዶኔዥያ ሌዊጋጃህ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2005 ከ140 በላይ ሰዎች ሞቱ። ኢንዶኔዥያ በ2008 የቆሻሻ አያያዝ ሕግ አወጣች፤ አደጋው የደረሰበትም ቀን በየዓመቱ ይታሰባል። እነዚህ አገሮች ችግራቸውን ሁሉ ፈትተዋል አንልም። ነገር ግን ሁለቱም አደጋዎች የደረሱት ከቆሼ በፊት ነው። ትምህርቱ ከ10 ዓመት በላይ ተቀምጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ደግሞ በጎረቤታችን ኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ ተመሳሳይ ክምር ተንዶ ሰው ገደለ። ክምር ቀጠሮ አይሰጥም።

8. ፓርቲያችን ሲመረጥ የሚፈጽማቸው

ቆሻሻን በአንድ ዓመት እናጠፋለን ብለን አንዋሻችሁም። የሚከተሉትን ግን እንፈጽማለን።

ሀ) በምናሸንፍበት ክልልና ከተማ ሁሉ የደረቅ ቆሻሻ ዕቅዱን በአንድ ዓመት ውስጥ አውጥተን በየወረዳው በአካባቢው ቋንቋ እንለጥፋለን። ነዋሪው ያልተወያየበት ዕቅድ ለምክር ቤት አይቀርብም።

ለ) የሪፖርቱን ቀን በሕግ እንቆርጣለን። በየስድስት ወሩ በተወሰነ ቀን ሪፖርቱ ለምክር ቤትና ለሕዝብ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ቀኑን ያሳለፈ ኃላፊ በምክር ቤት ቀርቦ ምክንያቱን ያስረዳል።

ሐ) በእያንዳንዱ ትልቅ ማስወገጃ በር ላይ የመኪና ሚዛን እንተክላለን። ወደ ውስጥ የገባው ይመዘናል፤ በዕለቱ ይመዘገባል። የሚዛን ዋጋ ከፋብሪካው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

መ) ሪፖርቱን የሚያጣራው የሚሠራው መሥሪያ ቤት አይሆንም። ዋናው ኦዲተርና የአካባቢ ጥበቃ አካሉ ለምክር ቤት ብቻ ተጠሪ ሆነው ያጣራሉ።

ሠ) በሥራ ላይ ያሉ ክምሮች ሁሉ የመናድ አደጋ፣ ፍሳሻቸውና ጋዛቸው ይመረመራል። አደጋ ያለበት ክምር ሥር የሚኖሩ ሰዎች በቅድሚያ ምትክ ቤት አግኝተው ይነሳሉ። ዶዘር ቀድሞ፣ ቤት በኋላ የሚለው አሠራር ይቆማል።

ረ) የአንዱ ክልል ቆሻሻ በሌላው መሬት የሚወገድ ከሆነ ሁለቱ አስተዳደሮችና የአካባቢው ነዋሪዎች የሚፈርሙት የጋራ ዕቅድ ይኖራል። የውሃ ምርመራውና የካሳው ዝርዝር የዚሁ ዕቅድ አካል ይሆናል።

ሰ) ለቃሚዎች፣ ቆራሌዎችና ሰብሳቢ ማኅበራት በሕግ ይታወቃሉ፤ ጓንት፣ ጫማና ሕክምና ያገኛሉ። እርጥቡ ቆሻሻ ከምንጩ ተለይቶ ለማዳበሪያ እንዲውል ከአትክልት ተራዎችና ከሆቴሎች እንጀምራለን።

9. ለመራጩ

የተከበራችሁ መራጮች፣ ይህን እስክናደርግ ድረስ እንኳ ዝም አትበሉ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቷችኋል። ወደ ወረዳችሁ ሂዱና ሦስት ጥያቄ በጽሑፍ አቅርቡ፦ የዘንድሮው የቆሻሻ ዕቅድ የት አለ? ያለፈው ዓመት ሪፖርትስ? ከእኛ ሰፈር የተነሳው ቆሻሻ የሚራገፈው የት ነው? ከማን ደጅ?

የመጨረሻውን ጥያቄ በተለይ አትርሱ። ከደጃችን የተነሳ ቆሻሻ የለም፤ ከእኛ ደጅ ተነስቶ ሌላ ሰው ደጅ የተቀመጠ እንጂ። በቆሼ ሥር ያለቁት ወገኖቻችን የሁላችንንም ቆሻሻ ተሸክመው ነው ያለቁት። ለእነሱ የምንከፍለው ዕዳ ዳግመኛ በግምት የማንተዳደር መሆናችንን በምርጫ ካርዳችን ማረጋገጥ ነው።

የሚታይ ዕቅድ፣ የሚመዘን ሥራ፣ የሚጣራ ሪፖርት የምትፈልጉ ከሆነ ድምፃችሁን ለፓርቲያችን ስጡ! ከሰጣችሁን በኋላም በተባለው ቀን መጥታችሁ ሪፖርቱን ጠይቁን!